ካርቡራቶሩ የማያውቀው ከፍታ

አጎቴ ሞጣ ውስጥ መካኒክ ናቸው። በወጉ “ነበሩ” ነው የሚባለው፤ ጋራዡን ከዘጉት ሁለት ዓመት አልፏል። ስልካቸው ግን አላረፈም። የተቸገረ ሾፌር ይደውላል፣ እሳቸው “እስቲ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋው” ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ባለፈው ፋሲካ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለን አንድ የባጃጅ ልጅ ደወለ። ጋሼ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት። ለእኔ ጆሮ የሚመጣው ያው ባጃጅ ነው፤ ትር ትር የሚል ጩኸት፣ ከኋላው የገበያ ጫጫታ። ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው አሥር ሰከንድ ያህል ሰሙ።

“ብሎኗን ማነው የነካት?” አሉ።

ወዲያ ማዶ ፀጥ አለ።

“እኔ ነኝ ጋሼ” አለ ልጁ በመጨረሻ።

እኔ ኮድ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። አንድ ሲስተም ሲበላሽ ሎግ እከፍታለሁ፣ መስመር በመስመር አነባለሁ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። በስልክ በመጣ ጩኸት ብቻ ስህተቱንም ጥፋተኛውንም የሚያገኝ ሰው ቢሮ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ምን እንደሰሙ ለመረዳት የጀመርኩት ንባብ ነው ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ። ከአንዲት ብሎን ተነስቶ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ ምኒልክ ቤት ይገባል፣ ጣሊያን ጋ ይደርሳል። ታገሡኝ።

መጀመሪያ መንገዱን ላሳያችሁ። የተወለድኩት ቢቸና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ስትመጡ ጎሃ ጽዮን ላይ መሬቱ ከፊታችሁ ቦግ ብሎ ይከፈታል። ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፣ አባይን ትሻገራላችሁ፣ የወረዳችሁትን ያህል መልሳችሁ ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ከደጀን በኋላ አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ ይደርሳል፣ ከዚያ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ካርቡራቶሩ። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራቶር ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ያለ ሽቦ፣ ያለ ኮምፒውተር ነው። ሞተሩ አየር ይስባል፤ አየሩ ወገቡ በጠበበ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። ጠባቡ ቦታ ላይ ሲሮጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ የወረደው ግፊት ደግሞ አጠገቡ ካለችው ትንሽ ገንዳ ቤንዚኑን በአንዲት የነሐስ ቀዳዳ በኩል ይመጠዋል። ብዙ አየር ሲያልፍ ብዙ ቤንዚን ይመጣል፣ ትንሽ ሲያልፍ ትንሽ። ገንዳዋ ሞልታ እንዳትፈስ ተንሳፋፊ ይጠብቃታል፤ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለችው ኳስ ዓይነት። በቃ ይኸው ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባክ በ1893 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ቤንዚን የሚረጭ ካርቡራቶር ከሠራ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል የዓለም የቤንዚን መኪና በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ነው የሄደው። ለኮድ ጸሐፊ አንድ ፈንክሽን ነው፤ አየር ትሰጡታላችሁ፣ ቤንዚን ይመልስላችኋል።

ፈንክሽኑ ግን አንድ ስህተት አለበት። ካርቡራቶር የሚያውቀው ምን ያህል ስፋት ያለው አየር እንዳለፈ ነው፤ የአየሩን ክብደት አያውቅም። ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቢቸና ላይ 1 ኪሎ አይሞላም። ሞተሩ የሳበው አየር በስፋት ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ሳስቷል። ካርቡራቶሩ ይህን ስለማያውቅ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። አንድ ማታ ነገሩን ማመን አቅቶኝ ስምንት መስመር ፓይተን ጻፍኩ። ውጤቱ፦ ባሕር ጠረፍ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር 2,500 ሜትር ላይ ለአየሩ ከሚገባው 13 በመቶ ገደማ የበለጠ ቤንዚን ያፈስሳል።

13 በመቶ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሞተር ውስጥ ሲሆን ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጠዋት መኪናው አልነሳም ይላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጋሼ ካንዴላ ፈትተው የሚያነቡት እንደ ደብዳቤ ነው። የምጣድ ጥላሸት ከመሰለ ቤንዚን በዝቶበታል፤ አመድ ከመሰለ አንሶታል፤ የገብስ ቆሎ ቀለም ካለው ኮፈኑን ዘግተው እጃቸውን ይታጠባሉ። (ልጅ እያለሁ የመካኒክ ቤት ሰው ቆሎ ሲቀርብለት ለምን አተኩሮ እንደሚያየው ይገርመኝ ነበር።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከምኒልክ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ሲድሊ የተባለች መኪና አዲስ አበባ አደረሰ። ከታዋቂው የቤንትሌይ መኪና ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ወንዙን፣ በረሃውን፣ መኪናዋ በሰውና በከብት መጎተቷን ያነሳሉ። እኔ የማስበው የነሐሷን ቀዳዳ ነው። ያቺ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነስታ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለች ከተማ ነው የወጣችው። ፊዚክሱ ለንጉሥ አያዳላም፤ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ቤንዚኑ እየበዛባት፣ አየሩ እያነሳት ነው የመጣችው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.። የጋራዥ ቋንቋችን ከዚያ ዘመን ወዲህ የጣሊያን ነው፦ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ኮፈን፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ። ሞተር ሳይነዳ ቆሞ ሲሠራ የሚይዘው ዝቅተኛ ፍጥነት “ሚኒሞ” ነው። ካርቡራቶርም ራሱ። የሚገርመው የዕቃዎቹ ስም ጣሊያንኛ ሆኖ በሽታቸው ግን ጥርት ያለ አማርኛ መሆኑ ነው፤ ሞተር ያስላል፣ ይታፈናል፣ ያቃስታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሞቹ የኛ ነበሩ ማለት ነው። በኋላ የመጣው ደግሞ በእንግሊዝኛ መጣ፦ ሴንሰር፣ ኢንጀክተር፣ ስካነር። የአንድን መኪና ዘመን ለማወቅ ሰሌዳውን ማየት አያስፈልግም፣ መካኒኩ ሲሳደብበት በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ መስማት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ መካኒኮች ይታዘቡኛል። “ኢንጀክሽን አዲስ ነው” የሚባለው ቤንዚን ላይ ነው። ናፍጣ ሁልጊዜም በግፊት እየተረጨ ነው የሚነድደው። ጣሊያን ይዞት የመጣው ፊያት 634፣ አያቶቻችን “ትሬንታ ኳትሮ” ያሉት የጭነት መኪና፣ ከ1931 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራ የናፍጣ መኪና ነው። ቤቱ ቪትዝ ያቆመ ሰው በኢንጀክሽን ቢኮራ ትሬንታ ኳትሮው በዕድሜ አያቱ ይሆነዋል። ልዩነቱ የጥንቱ ኢንጀክሽን ብረት ብቻ መሆኑ ነው፤ የሚያስብ ነገር አልነበረበትም።

ቤንዚን ላይ ነገሩን መጀመሪያ ያስጨነቀው አውሮፕላን ነው፤ የከፍታ ጣጣ የእሱ ዋና ችግር ነውና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ቤንዚን የሚረጭ ሞተር ነበራቸው፣ የእንግሊዞቹ ስፒትፋየርና ሃሪኬን ካርቡራቶር። እንግሊዛዊው አብራሪ አፍንጫውን ድንገት ወደ ታች ሲደፋ የገንዳዋ ቤንዚን ወደ ላይ ይንሳፈፍና ሞተሩ ይንተፋተፍ ነበር፤ ጀርመኑ በዚያች ቅጽበት ያመልጠዋል። መፍትሔ ያገኘችው ቢያትሪስ ሺሊንግ የምትባል መሐንዲስ ናት። በ1941 (እ.ኤ.አ.) ልክ የሆነ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የብረት ቀለበት ሠርታ የነዳጁ መስመር ላይ አስገባች። ቀለበቷ ችግሩን ጨርሳ ባታጠፋውም ብዙ አብራሪ አትርፋለች። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው “መካኒክ ናት እንዴ?” አሉ። “መሐንዲስ ናት” አልኳቸው። “ቀዳዳ ካስተካከለች መካኒክ ናት” ብለው ዘጉት።

በ1960 ዓ.ም. (1967 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መሆኑ ነው) ቮልስዋገን በቦሽ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ያላትን 1600 ገበያ ላይ አወጣ። ሲስተሙ ዲ-ጄትሮኒክ ይባላል፤ “ዲ” ድሩክ ነው፣ በጀርመንኛ ግፊት ማለት። ሞተሩ የሚስበውን አየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው፣ ትንሽ የትራንዚስተር ሳጥን ደግሞ ለዚያ ግፊት ምን ያህል ቤንዚን እንደሚገባ ይወስናል። ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የተመረተ የቤንዚን መኪና በኤሌክትሪክ እያሰበ አየሩን ለካ። በዚያው ዓመት ቢቸናና ሞጣ የሚወራው ሌላ ነበር፤ አዲስ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የጎጃምን ገበሬ አስነስቶ ሁለቱም አውራጃዎች አመፅ ውስጥ ነበሩ። የግፊት ሴንሰር ሊያስብ ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም።

ወደ እኛ አገር የመጡት መኪናዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ባለካርቡራቶር ነበሩ። ቮልሱ፣ ፒጆው፣ ላንድሮቨሩ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ፣ ከሁሉም በላይ ቶዮታ ዲኤክስ። ስለ ዲኤክስ ብቻውን መጽሐፍ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለጃፓን ዝቅተኛ ሜዳ የተስማማ መኪና ጎጃም ደጋ ላይ አርባ ዓመት ሠርቷል። አሜሪካኖች ይህ ዓይነት ችግር ዴንቨር ላይ ሲገጥማቸው በ1977 (እ.ኤ.አ.) ከፍ ላሉ አካባቢዎች የተለየ የጭስ መመዘኛ አወጡ፣ ቶዮታን ጨምሮ አምራቾችም ከፍታውን የሚያካክስ ተጨማሪ ዕቃ ካርቡራቶሩ ላይ ገጠሙ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ናት። ቢቸና በ900 ሜትር ትበልጣታለች። ጋሼ የከፈቷቸው ዲኤክሶች ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ አልነበረም። ከፍታውን የሚያካክሰው ካቻቢቴ የያዘው ሰው ነበር።

እንዴት? ብዙ ካርቡራቶሮች ላይ የነሐሷ ቀዳዳ ራስ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። 105 ካለ 1.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ማለት ነው። በእኔ ስሌት ለቢቸና 99 አካባቢ መሆን አለባት። ጋሼ ስሌት አያውቁም። ትንሿን ቀዳዳ ሲያገኙ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያስመጣሉ፤ ሲያጡ የነበረችውን በሊድ ደፍነው በቀጭን መሰርሰሪያ እንደገና ይበሷታል። ከዚያ መንገድ ላይ ነድተው፣ ካንዴላ ፈትተው፣ ገብስ ቆሎው እስኪመጣ ይደጋግማሉ። ሰርስረው የደረሱባትን አንዷን በማይክሮ ሜትር ለካኋት፤ 1.00 ሚሊ ሜትር ሆነች። ስምንት መስመር ፓይተኔን ለጊዜው ዘጋሁት።

ግን ደጋው ላይ የተስተካከለ መኪና አባይ በረሃ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ታች አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ደግሞ ለደጋ ተቀንሷል፤ 7 በመቶ ገደማ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ በሁለተኛ ማርሽ መንፏቀቁ አለ። የድሮው የቤንዚን ፖምፓ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚሠራው፣ ቤንዚኑን ከኋላ ከታንኩ ይስበዋል፤ ፖምፓው ሲግል ቤንዚኑ መስመር ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ፖምፓ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መሳብ አይሆንለትም። መኪናው ቀጥ ይላል።

የልጅነቴ አባይ ይህ ነው። ስለ ድልድዩ ውበት ሌላ ሰው ይጻፍ፤ እኔ የማስታውሰው ቢጫ ጀሪካን ነው። ጋሼ ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ እኔ ጨርቅ ነክሬ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ፖምፓው ላይ ይጠመጥሙታል፣ ሁላችንም የመኪናው ጥላ ውስጥ ተኮልኩለን ሞተሩ እስኪበርድ እንጠብቃለን። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ላይ ያዩናል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ የህዳሴ ድልድይ ሲመረቅ ጋሼን “ደስ አይልም?” ስላቸው “ድልድዩ መቼ አስቆመን?” ነበር መልሳቸው።

“ለምን ለበረሃው አያስተካክሉትም?” ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

“አዲስ አበባ ደጋ፣ ደጀን ደጋ፣ ቢቸና ደጋ፣ ሞጣ ደጋ። በረሃው የሁለት ሰዓት ነገር ነው። ለሁለት ሰዓት ብዬ ዓመቱን አላበላሽም። በረሃውን በእርጥብ ጨርቅ ይለፈው።”

ኢንጂነሪንግ ስማር ይህን የሚመስል ውሳኔ ረጅም ስም ተሰጥቶት ሁለት ሳምንት ተማርነው። የተማርኩት ባሕር ዳር ነው፣ ሰዉ “ፖሊ” የሚለው ግቢ፣ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በሶቪየቶች እርዳታ የተቋቋመው። አምስቱን ዓመት የደጎሙኝ ጋሼ ናቸው። የኪስ ገንዘቤ፣ የመጀመሪያው ላፕቶፔ፣ ሁሉም ከካርቡራቶር ነው የመጣው። የቧንቧና የግፊት ትምህርቱን ስወስድ ግን አንድም ቀን የእሳቸው ጋራዥ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጠባቡ ቧንቧ መጽሐፉ ላይ ተስሎ ነበር፣ ፈተና ላይም መጥቶ ሠርቼዋለሁ። ከዘይት ከጨቀየው የጋሼ ጠረጴዛ ጋር አላገናኘሁትም።

ይህን ያልኩት ለሚቀጥለው ነገር ነው። 13 ዓመቴ ላይ ክረምቱን ሞጣ ነበርኩ። ጋሼ አንድ ዲኤክስ ፈትተው የነሐስ ቀዳዳዎቹን በቤንዚን እንዳጥብ ሰጡኝ። ሕጉን አውቃለሁ፦ ቀዳዳ በአፍ ይነፋል፣ ካልተከፈተ በስንደዶ ይጠረጋል፣ ብረት አይነካውም። አንዷ አልከፈት አለችኝ። ኳስ ሜዳ ልጆቹ ይጠብቁኛል። ከእትዬ የስፌት ሳጥን መርፌ አውጥቼ ሁለት ሦስቴ አዞርኩባት፤ ብርሃን አሳየች። ደስ አለኝ፣ መልሼ ሰጠኋቸው፣ ሄድኩ።

ነሐስ ለስላሳ ነው። 1.05 የነበረ ቀዳዳ 1.10 ቢሆን በዐይን አይታይም፤ የሚያልፈው ቤንዚን ግን 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። መኪናው ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ። አባይን እንዲያውም በደህና ተሻገረ፣ በረሃው ላይ ትርፉ ቤንዚን ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ደጋው ላይ ሲመለስ ግን ካንዴላዎቹ ጠቁረው ታፍኖ ቆመ። ሾፌሩ ከሳምንት በኋላ መጥቶ መንገድ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ጋሼን ሰደባቸው፣ ሌባም አላቸው። ጋሼ አልመለሱለትም። ካርቡራቶሩን ፈቱ፣ ቀዳዳዋን አውጥተው ወደ ፀሐይ አደረጓት፣ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አዲሷን በገንዘባቸው ገዝተው ገጠሙለት። እኔን አልመቱኝም፣ ለእናቴም አልነገሩም። የተበላሸችዋን እጄ ላይ አስቀመጡልኝና “ያዛት” አሉኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ኪቦርዱ አጠገብ አለች።

ይቅርታ የጠየቅኳቸው በዚህ ፋሲካ ነው። 15 ዓመት ገደማ ቆይቼ መሆኑ ነው። “የቱ መኪና?” አሉኝ። ሳያስታውሱ ቀርተው ነው ብዬ አላምንም።

በዚያው ሰሞን ብሉቱዝ ስካነር ይዤላቸው ሄጄ ነበር፣ መኪናው መሪ ስር የሚሰካ፣ ከስልክ ጋር የሚነጋገር ርካሽ ዕቃ። ጎረቤታቸው ያገለገለ ያሪስ አለው። ሰካነው፣ ቁልፉን ከፈትን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ የአየር ግፊቱን ስልኬ ላይ አነበብኩ፤ 75 ኪሎ ፓስካል። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ነበር የሚለው።

“ምን ማለት ነው?” አሉ ጋሼ።

“አየሩ ምን ያህል እንደሳሳ ለክታ ነው። በዚህ ልክ ቤንዚኗን ትቀንሳለች።”

“እና ይቺ መኪና ሞጣ መሆኗን ታውቃለች?”

“ታውቃለች።”

“አባይ ስትወርድስ?”

“ስትወርድም ታውቃለች። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ነው የምትለካው። ፖምፓዋም ታንኩ ውስጥ ነው ያለው፣ ቤንዚኑን በግፊት ወደፊት ይገፋዋል፣ በቀላሉ አይፈላም።”

ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ቁጥሩን ትንሽ አዩት። “እኔ ይሄን ለማወቅ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል” አሉና መለሱልኝ።

እኔ እዚህ ላይ ለካርቡራቶር መሟገት ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው እንቢ አሉኝ። “ይቺ ትሻላለች። ሰው በረሃ ላይ አታሳድርም” አሉ። ጉልበት የማነስ ነገር ሲነሳ ግን ሁለቱም አያመልጡም፤ አየሩ በ22 በመቶ ከሳሳ ኢንጀክሽንም የሌለ አየር አያመጣም። ጋሼ በኢንጀክሽን የሚያማርሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲሞት አይናገርም። ባለካርቡራቶሩ ሳምንት ሙሉ እያሳለ፣ እያቃሰተ፣ ቤትህ ያደርስሃል። ያሪስ ፖምፓዋ ከተቃጠለ ባለችበት ነው፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ መኪናው ዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስካነሩ ግፊቱን አሳየኝ እንጂ “ለዚህ ግፊት ይህን ያህል ቤንዚን” የሚለውን ሠንጠረዥ አልከፈተልኝም። እሱ ቺፕ ውስጥ ተቆልፏል። ጋሼ በሊድ ደፍነው በመሰርሰሪያ ያረሙት ቁጥር አሁን የሆነ ቢሮ ውስጥ፣ እኔን የሚመስል አንድ ልጅ የጻፈው መስመር ሆኗል። እውነቱን ለመናገር እኔም የጻፍኩትን ኮድ መንገድ ላይ ያለ ሰው ከፍቶ እንዲነካካው አልፈልግም። በመርፌ እንደሚገባበት አውቃለሁ።

ካርቡራቶር ሞጣ ውስጥ ገና አልሞተም። ባጃጁም፣ ሞተር ሳይክሉም አብዛኛው ባለካርቡራቶር ነው። ሕንድ ከሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጭስ ሕጓን ስላጠበቀች ለራሷ ገበያ የምታመርታቸው ወደ ኢንጀክሽን ዞረዋል፤ እኛ ጋ ያሉት የቀድሞዎቹ ናቸው። ቤንዚኑ በሃይላንድ ይሸጣል፣ አንዳንዱ ሃይላንድ ውሃ አለበት፣ አንዳንዱ ነጭ ጋዝ። በገንዳዋ ሥር የሚቀመጠውን ጭቃ ያየ ሰው ያንን ወደ ኢንጀክተር ቀጭን አፍ መላክ ያሳዝነዋል።

ከዚህ በኋላ ምናልባት ኢንጀክሽኑ ራሱ ይዘለላል። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና አይገባም ብሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ቢቸናም ጅቡቲም ለእሱ አንድ ነው። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን መኪና ከጎሃ ጽዮን አባይ ድረስ 1,400 ሜትር ሲወርድ 5.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ይለቃል፤ ካርቡራቶር ባለው መኪና ይህ ሁሉ ባክኖ ይቀራል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ። “አባይ በረሃ ነዳጅ ሊሰጥ?” አሉ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጁ ብሎኗን የነካት ቤንዚን ለመቆጠብ ነው። የሚኒሞ ብሎን ናት፣ ቤንዚንና አየሩን የምታመጣጥነው፤ ቤንዚኑን ሲያሳንሰው መጀመሪያ ቀን የተረፈው መስሎታል። ከዚያ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፣ ነዳጅ ሲለቅ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ጋሼ የሰሙት ያንን ከፍ ዝቅ ማለት ነው። አሁን እኔም ለይቼ እሰማዋለሁ፣ ግን ሲነግሩኝ ነው።

“ካቻቢቴ ይዘሃል?”

“ይዣለሁ ጋሼ።”

“ሞተሩን አጥፋው። ብሎኗን ጥርቅም አድርገህ ዝጋት፣ ግን አታስጨንቃት፣ ጫፏ ትሰበራለች። ዘጋሃት? አሁን አንድ ዙር ከግማሽ ፍታት። አስነሳው።”

ትር ትር ትር።

“በጣም ትንሽ ጨምር። ሩብ እንኳን አትሞላም።”

ድምፁ ተለወጠ። እኔ ቀና አልኩ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ።

“ትንሽ መልሳት” አሉ። “ቀስ።”